ያረጀ ቴንደር ጠዋት አልነሳ ሲል፦ ችግሩን በቅደም ተከተል መፈለግ

ሃያ ዓመት ያለፈው የናፍታ ቴንደር ያለው ሰው ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር ጆሮው ንቁ ነው። መኪናው ከተነሳ የቀኑ ሥራ አለ። ካልተነሳ የአትክልት ሥራውም፣ የቤት እድሳቱም፣ ገበያ የሚጠበቀው ጭነትም ይቀራል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ደግሞ መካሪ አይጠፋም። አንዱ ጎረቤት «ባትሪ ነው» ይላል፤ ባትሪ ይገዛል። ከሳምንት በኋላ ሌላው «ሞተሪኖ ነው» ይላል፤ ሞተሪኖ ይቀየራል። ብዙ ብር ከወጣ በኋላ ችግሩ አንድ የላላ የባትሪ ገመድ ሆኖ ይገኛል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የማይነሳ መኪናን መመርመር ከሐኪም ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ጥሩ ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ይጠይቃል፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ? ጠዋት ነው የሚብሰው ወይስ ማታ? ብርድ ሲሆን ነው ወይስ ሁልጊዜ? ከዚያ ያዳምጣል፣ ያያል፣ ይለካል። ባለመኪናውም ጋራዥ ከመሄዱ በፊት አብዛኛውን ነገር በጆሮው፣ በዓይኑና በአንዲት ርካሽ የቮልት መለኪያ ሊያውቅ ይችላል። ራሱ ባይጠግነው እንኳ የማያስፈልገውን ዕቃ ከመግዛት ይድናል።

ሞተሩ ለመነሳት ምን ይፈልጋል?

የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በብልጭታ አይቀጣጠልም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 በተሳካ ሁኔታ ያሠራው ሞተር የሚነደው አየር በኃይል ሲጨመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። ፒስተኑ አየሩን ወደ ሃያ አንድ እጅ ገደማ ሲያጠበው፣ ደህና በሆነ ሞተር ውስጥ አየሩ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል። ናፍታው ደቅቆ ሲረጭበት ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል።

ስለዚህ የናፍታ ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በበቂ ፍጥነት መዞር። ሁለተኛ፣ አየር ያልተቀላቀለበት ናፍታ በሰዓቱ መድረስ። ሦስተኛ፣ ሙቀት። ሙቀቱ የሚመጣው ከመጨመቁ ነው፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ማሞቂያ ካንዴላዎች ያግዛሉ። መኪናው አልነሳ ካለ ከሦስቱ አንዱ ጎድሏል። ሥራው የትኛው እንደጎደለ መለየት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ጆሮ

ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ ግማሹን መልስ ይሰጣል። አራት ዓይነት ሁኔታ አለ።

አንደኛው ፍጹም ዝምታ ነው። ሁለተኛው «ጠቅ» ወይም «ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ» የሚል ድምፅ ነው። ሦስተኛው ሞተሩ በድካም፣ እያቃሰተ ሲዞር ነው። አራተኛው ደግሞ ሞተሩ እንደ ወትሮው በፍጥነት እየዞረ ሳይነሳ ሲቀር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወደ ባትሪ፣ ወደ ገመድና ወደ ሞተሪኖ ያመለክታሉ። አራተኛው ግን የኤሌክትሪኩ ኃይል ደህና መሆኑን ስለሚናገር ባትሪ መቀየር አይፈውሰውም። ሰው በከንቱ ብር የሚያወጣው ብዙ ጊዜ እነዚህን ሳይለይ ሲቀር ነው።

የፊት መብራት ፈተና

ይህ ፈተና ምንም መሣሪያ አይፈልግም። የፊት መብራቱ ይበራና አንድ ሰው መብራቱን እያየ ሌላው ቁልፉን ያዞራል። መብራቱ ጭልም ካለ ወይም ከጠፋ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ገመድ ጫፍ በደንብ አልያዘም። መብራቱ እንደደመቀ ቆይቶ ሞተሩ ካልዞረ ግን ባትሪው ኃይል አለው ማለት ነው፤ ኃይሉ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም ወይም ሞተሪኖው ራሱ ታሟል።

ፍጹም ዝምታ ከሆነ ቀላሉን መቅደም ያስፈልጋል። በእስራኤል ባሉ ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ በቁጥር የሚከፈት የስርቆት መከላከያ አለ፤ ኮዳኒት ይባላል። ኮዳኒቱ ቁጥሩን ካልተቀበለ ወይም አንዱ ቁልፉ በዕድሜ ብዛት አልጫን ካለ መኪናው ጤነኛ ሆኖ ሳለ አይነሳም። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ከፓርኪንግ ወደ ዜሮ አውጥቶ መሞከር ይገባል። በማንዋል መኪና ላይም አንዳንዱ ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው ካልተረገጠ አይነሳም። ቀጥሎ የሞተሪኖው ፊውዝና ሪሌ ይታያሉ።

ባትሪው፦ በግምት ሳይሆን በቁጥር

ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሌሊቱን ካረፈ በኋላ በቮልት መለኪያ ሲለካ 12.6 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛው አለ። 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ነው። 12.0 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ መጀመሪያ በቻርጀር ተሞልቶ ነው እንደገና መመርመር ያለበት።

ይህ ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም። ተቀምጦ የሚጨዋወት ሰው ሁሉ ጤነኛ ይመስላል፤ ጉልበቱ የሚታወቀው ኩንታል ሲሸከም ነው። ስለዚህ ቁልፉ ዞሮ ሞተሪኖው በሚሠራበት ጊዜም ቮልቱ ይታያል። የተሞላ ባትሪ በመጠነኛ የአየር ሙቀት ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ደክሟል። 10 ቮልትና ከዚያ በላይ እየያዘ ሞተሩ በድካም የሚዞር ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ባትሪን የሚያስረጀው ከብርዱ ይልቅ ሙቀቱ ነው። በቤር ሼቫ ወይም በዮርዳኖስ ሸለቆ ፀሐይ የከረመ ባትሪ ውስጡ በበጋ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን ወዲያው አይታይም፤ ሞቃት ሞተር በቀላሉ ስለሚዞር። ብርዱ ሲመጣ ነገሩ ይገለጣል። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ባትሪ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ የሞተሩ ዘይት ደግሞ ወፍሮ ሞተሩን ያከብደዋል። በኢየሩሳሌም፣ በጽፋት ወይም በጎላን የመጀመሪያው ብርዳማ ጠዋት ብዙ ቴንደር የሚያስቆመው ለዚህ ነው።

የተረሳው ገመድ

ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሩ በድካም ከዞረ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ገመድ ነው። በባትሪው ራሶች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከታየ ኤሌክትሪክ እንደልቡ አያልፍም። ማጽዳቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የነጌቲቩ ገመድ ይፈታል፣ ከዚያ የፖዘቲቩ። በሱፐር ሶዳ ለሽቲያ የሚባለው የመጋገሪያ ሶዳ በሞቀ ውሃ ተበጥብጦ ይፈስበታል፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፈጋል፣ ይደርቃል። ሲታሰር ተገላቢጦሽ ነው፤ ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ነጌቲቩ ይከተላል። ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ ባትሪው ውስጥ ያለው አሲድ ዓይን ያጠፋል።

ከውጭ ንጹሕ የሚመስል ገመድም ውስጡ ሊበላ ይችላል። ይህን የሚያጋልጥ መለኪያ አለ። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ የመለኪያው አንዱ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ፣ ሌላው ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ገመድ በታሰረበት ብሎን ይቀመጣል። ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም መጋጠሚያው ኃይሉን እየበላው ነው። በነጌቲቭ ራስና በሞተሩ ብረት መካከል ደግሞ ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ፣ ማሳ የሚባለው ሞተሩን ከሻሲውና ከባትሪው የሚያገናኘው ገመድ ዝጓል ወይም ላልቷል። በአሮጌ መኪና ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ጥገናው ደግሞ አንድ ብሎን ፈትቶ፣ ፈግፍጎ መልሶ ማጥበቅ ሊሆን ይችላል።

ሞተሪኖው መቼ ይጠረጠራል?

ፈጣን «ጠቅ-ጠቅ-ጠቅ» አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ወይም የቆሸሸ ገመድ ምልክት ነው። መብራቱ ሳይደክም አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ያለ «ጠቅ» የሚል ከሆነ፣ በተለይም አምስት ጊዜ ተሞክሮ በስድስተኛው የሚነሳ ከሆነ፣ ሞተሪኖው ውስጥ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች አልቀዋል ማለት ሊሆን ይችላል። በብዙ አሮጌ የቶዮታ መኪኖች ላይ ይህ የታወቀ ነገር ነው። መዳቦቹ ለብቻቸው ስለሚቀየሩ ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። ባለሙያው ሞተሪኖውን ፈትቶ ያሳይ ዘንድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በደንብ እየዞረ አልነሳ ካለ፦ ጭሱ ምስክር ነው

ሞተሩ በፍጥነት ዞሮ ካልተነሳ ዓይን ወደ ማርሚታው ይሂድ። አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ሌላው ከኋላ ሆኖ ጭሱን ይይ።

ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍታው ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቷል፣ ግን አልነደደም። የጎደለው ሙቀት ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍታው ጭራሽ አልደረሰም። ከተነሳ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ከቆየ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ጭስ ደግሞ ናፍታው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ስለሆነ የአየር ፊልትሮው ቶሎ ይታያል።

ነጭ ጭስና ማሞቂያ ካንዴላ

እንጀራ የሚጋግር ሰው ምጣዱ ሳይግል ሊጡን አያፈስም። ቢያፈስ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ምጣዱ ላይ ይጣበቃል። በቀዝቃዛ ሲሊንደር ላይ የሚረጭ ናፍታም እንደዚሁ ነው። ማሞቂያ ካንዴላ፣ በዕብራይስጥ ፕላጊ ሒሙም የሚባለው፣ ቁልፉ በግማሽ ሲዞር ጫፉ ከ800 ዲግሪ በላይ ግሎ ምጣዱን ያሰማዋል። በዳሽቦርዱ ላይ እንደ ጥቅል ሽቦ የተሳለችው ቢጫ መብራት እስክትጠፋ መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በቀላሉ ለመሞከር፣ ቁልፉ በግማሽ ዞሮ መብራቷ እስክትጠፋ ይጠበቃል፣ ቁልፉ ይመለሳል፣ እንደገና ይደገማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞቀ በኋላ መኪናው ከበፊቱ በተሻለ ከተነሳ ካንዴላዎቹ ደክመዋል ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከተቃጠለ ሞተሩ ተነስቶ ለጥቂት ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ሲሞቅ ይስተካከላል። ሁለት ወይም ሦስቱ ከተቃጠሉ በብርድ ጠዋት አይነሳም።

በመለኪያ ለማረጋገጥ ካንዴላዎቹን የሚያገናኘው ብረት መውለቅ አለበት፤ አለበለዚያ የአንዱ ንባብ ከሌላው ይደባለቃል። ደህና ካንዴላ አንድ ኦም አካባቢ ያሳያል። የተቃጠለው ጭራሽ አያስተላልፍም። ሁሉም ደህና ከሆኑ ግን ኤሌክትሪኩ እየደረሳቸው መሆኑ ይታይ፤ ችግሩ የሪሌው ወይም የፊውዙ ሊሆን ይችላል።

ጭስ ከሌለ ናፍታውን መከተል

መጀመሪያ ሳልባትዮው ውስጥ ናፍታ መኖሩ ይረጋገጥ፤ የአሮጌ መኪና ጌጅ ይዋሻል። ቀጥሎ ቁልፉ ሲከፈት በናፍታ ፓምፑ ላይ ያለችው ማቆሚያ ሶሌኖይድ «ጠቅ» ማለቷ ይደመጥ። ይህች ትንሽ ዕቃ ወይም ሽቦዋ ከተበላሸ ናፍታው ተዘግቶ ይቀራል፤ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢዞር አይነሳም።

በጣም የሚያታልለው ግን አየር ነው። ናፍታው ከሳልባትዮ ወደ ፓምፑ የሚመጣው ተስቦ ስለሆነ፣ የጎማ ቱቦው በዕድሜ ሲሰነጠቅ ናፍታ ወደ ውጭ ላይንጠባጠብ ይችላል፤ ይልቁንስ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ሌሊቱን ናፍታው ወደ ሳልባትዮ ይመለሳል። ጠዋት መኪናው ረጅም ዞሮ ይነሳል፣ ይንገዳገዳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል፤ ቀን ቀን ግን ደህና ነው። ለመለየት በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችው የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ትጫን። ከዚያ በኋላ ወዲያው ከተነሳ አየር እየገባ ነው። ሌላው ምልክት፣ ማታ አፍንጫው ወደ ቁልቁለት ሆኖ ሲቆም በቀላሉ፣ ወደ ዳገት ሆኖ ሲቆም ግን በችግር የሚነሳ መሆኑ ነው። ጥገናው ቱቦና ማሰሪያ መቀየር ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያይ ፓምፕ የሚያስወርድ ሰው ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ችግሩም አብሮት ይኖራል።

ፊልትሮውም አይረሳ። ከታቹ ያለው መፍቻ ሲላላ የተጠራቀመ ውሃ ይወርዳል። ፊልትሮው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተቀየረ የሚያስታውስ ከሌለ መቀየሩ ይሻላል።

የመጨረሻው ጥርጣሬ፦ የደከመ ሞተር

ባትሪው፣ ካንዴላውና ናፍታው ሁሉ ደህና ሆነው በብርድ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ መጨመቁ ራሱ ቀንሶ ይሆናል። የፒስተን ፋሻዎች ሲያልቁ አየሩ ያመልጣል፣ ሙቀቱም አይፈጠርም። ዘይት ቶሎ ያንሳል፤ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ እየገፋ ይወጣል። ይህን በእርግጠኝነት የሚነግረው ለናፍታ ሞተር የተሠራ የግፊት መለኪያ ነው። ሞተር ይውረድ ከመባሉ በፊት ግን የቫልቭ ክፍተት እንዲለካ መጠየቅ ይገባል። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ጥብቅ ብሎ ስለማይዘጋ መጨመቁ ይቀንሳል፤ ማስተካከሉ ከሙሉ ጥገና ጋር አይወዳደርም። መለኪያው ሞተሩ በእርግጥ ማለቁን ካሳየ ባለቤቱ ባትሪና ካንዴላ እየቀያየረ ገንዘብ ከማባከን ይልቅ ይጠገን ወይስ ይሸጥ የሚለውን ከቤተሰቡ ጋር ይመክርበታል።

ባትሪው በየሌሊቱ ከሞተ

አዲስ ባትሪም በሁለት ቀን ካለቀ ወይ ዲናሞው አይሞላውም፣ ወይ አንድ ነገር ሌሊቱን ይመጠምጠዋል። ሞተሩ ተነስቶ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ባትሪው መነሻው ላይ ካለው ቮልት ካልጨመረ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይታይ። ዲናሞው ደህና ከሆነ፣ መኪናው ተዘግቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ከ50 ሚሊአምፔር መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ ሌባው ይያዛል፤ ብዙ ጊዜ በኋላ የተገጠመ ሬዲዮ፣ የማይጠፋ የዕቃ ማስቀመጫ አምፑል ወይም ማንቂያ ደወል ነው።

ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

ቁልፉን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በላይ አዙሮ መያዝ ሞተሪኖውን ያቃጥላል። በየመካከሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ይረፍ።

ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ የማስነሻ ስፕሬይ በአየር መሳቢያው መርጨት አደገኛ ነው። ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር፣ ሰውም ሊያቃጥል ይችላል።

ከሌላ መኪና ኃይል ሲወሰድ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይገናኛል፣ ከዚያ የደህናው መኪና ነጌቲቭ፤ የመጨረሻው ጫፍ በታመመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ባለ የሞተር ብረት ላይ ይታሰራል። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ በትንሽ ብልጭታ ስለሚፈነዳ ነው። ትልልቅ የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ በ24 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ ከቴንደር ጋር አይገናኙም።

ሙሳኽ ከመሄድ በፊት

የትኛው ባለሙያ ጋ መሄድ እንደሚገባም ከምርመራው ይታወቃል። የባትሪ፣ የሞተሪኖ፣ የዲናሞና የካንዴላ ጉዳይ የሐሽማላይ ሬኼቭ፣ ማለትም የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። የፓምፕና የኢንጀክተር ጉዳይ የናፍታ ባለሙያ ይፈልጋል። ቋንቋው ለሚያስቸግረው ሰው ጥቂት ቃላት ይበቃሉ፤ ባትሪ ማጽቤር፣ ሞተሪኖ ስታርተር፣ ዲናሞ አልተርናቶር፣ ናፍታ ሶለር ይባላል።

ከሁሉ በላይ የሚረዳው ግን ወረቀት ነው። ችግሩ የታየበት ቀን፣ ብርድ ነበር ወይስ ሙቀት፣ ምን ድምፅ ተሰማ፣ የጭሱ ቀለም፣ ስንት ሰከንድ ዞሮ ተነሳ፣ ባትሪው ስንት ቮልት አሳየ፤ ይህ ሁሉ ተጽፎ ለመካኒኩ ይሰጥ። ዋጋው ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የወለቀው አሮጌ ዕቃም ይታይ። መካኒኩ ዕቃ ይቀየር ሲል «ምን ለክተህ አወቅህ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥሩ ባለሙያ መለኪያውን አውጥቶ ያሳያል።

ብርዱ ሳይገባ፣ በኅዳር ወር፣ ባትሪውን አስለክቶ፣ የገመዶቹን ጫፍ አጽድቶ፣ ከፊልትሮው ውሃውን ያወረደ ሰው ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹን አስቀድሞ ያያቸዋል። ሥራው የአንድ ዓርብ ጠዋት ነው።